ፊቴን መልሱልኝ

ጠጋኟ ስትናደድ አትጮህም። መቀሷን ታስቀምጣለች፣ መነጽሯን ታወልቃለች፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ቆሞ ለማየት የሚደፍር የለም። አንድ ደንበኛ ያሰፋውን ሱሪ ሠርግ ውሎበት ሲያበቃ «አላማረኝም» ብሎ ሊመልስላት መጥቶ ነበር አሉ። መነጽሯን ስታወልቅ ሲያይ ሱሪውን እዚያው ጥሎ እግሬ አውጪኝ አለ። ሱሪው እስካሁን መደርደሪያዋ ላይ አለ ይባላል።

ትክክለኛ ስሟ የቀረው መታወቂያዋ ላይ ብቻ ነው። ሰፈሩ በሙሉ «ጠጋኟ» ነው የሚላት፤ እሷም ለምዳዋለች። ሱቋ ከገበያው ጀርባ፣ ጃንጥላ የዘረጋ ሰው ተጨናንቆ በሚያልፍበት ጠባብ መንገድ ላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ስፌት መኪናዋ ብርሃን ፍለጋ በሩ ሥር ተቀምጧል። ከጀርባዋ ክርኑ የሳሳ ሹራብ፣ ዚፑ የተነቀለ ጃኬት፣ ጉልበቱ የተቀደደ የተማሪ ሱሪ ተራቸውን ይጠብቃሉ። አንገቱ ያለቀ ሸሚዝ አንገቱ ተፈቶ፣ ተገልብጦ ይሰፋል። የአባት ኮት ለልጅ ይጠባል። ምንም የማይሆነው ደግሞ ተበትኖ ለሌላው መጣፊያ ይሆናል። ከሷ ቤት የሚወጣ ቆሻሻ ቢኖር አቧራ ነው።

አንዲት ታናሽ እህት አለቻት። እናታቸው ስትሞት ትንሿ ገና ድክ ድክ የምትል ነበረችና ያሳደገቻት ጠጋኟ ናት፤ ቀን ቀን መኪናው ሥር በብጣሽ ጨርቅ ክምር ላይ እያስተኛች። «ሚጣ» ያለቻት እሷ ናት። ልጅቷ ተምራ፣ በጨርቃ ጨርቅ ምህንድስና ተመርቃ፣ አንድ ትልቅ የልብስ ድርጅት ቢሮ ሰጥቷት እንኳ ያው ሚጣ ናት። ሚጣም ታላቋን «እትዬ» እንጂ በስሟ ጠርታት አታውቅም።

ባለፈው ዓመት፣ ዝናቡ ሊገባ ሲል፣ ሚጣ በድርጅቱ መኪና አንድ ትልቅ ሰማያዊ የቆርቆሮ ሳጥን ጭና መጣች። ሳጥኑ ላይ ጅራቷን እንደምትነክስ እባብ ክብ ሆኖ የሚዞር ቀስት ተስሎበታል። ከሥሩ «አሮጌ ልብስዎን ይስጡን፤ አዲስ አድርገን እንመልሳለን» ይላል።

«እትዬ፣ አስቢው እስቲ» አለች ሚጣ፣ ዓይኗ እያበራ። «ይሰበሰባል፣ ይበጠራል፣ ተመልሶ ክር ይሆናል። ክሩ ጨርቅ፣ ጨርቁ ልብስ። አንድም የሚጣል ነገር የለም። አንቺ ዕድሜሽን ሙሉ በመርፌ የሠራሽውን እኛ በማሽን ልንሠራው ነው።»

«ታዲያ እኔ ምን ልሁን?»

«አንቺማ እናታችን ነሽ። ሰው አንቺን ያምናል። ሳጥኑ በርሽ ላይ ይሁን፤ አንቺ ንገሪያቸው፤ የቀረውን ለኛ ተይው።»

ጠጋኟ እህቷን አይታ እንቢ ማለት አትችልበትም። ደግሞ ነገሩ ራሱ ልቧን ነካው። የምታውቀውን ሥራ፣ የምትወደውን ሥራ፣ ልጄ የምትላት እህቷ በትልቁ ልትሠራው! አንድ ፎቶ አንሺ መጥቶ መርፌ ይዛ ስትስቅ አነሳት፤ ሚጣ ያቀረበችላትንም ወረቀት ሳታነበው ፈረመች። ብዙም ሳይቆይ ያ ፎቶ ከነፈገግታው በየሳጥኑ፣ በየመደብሩ መስተዋት፣ በየአውቶቡስ ፌርማታው ተለጠፈ። «እኔ አምናቸዋለሁ» ይላል ከፎቶው ሥር። ማንም እንዲህ በይ ብሎ ጠይቋት አያውቅም፤ እሷም ብላ አታውቅም። ግን ደስ ብሏት ስለነበር ነገሬም አላለችው።

ሰፈሩ መጀመሪያ ላይ ሳጥኑን በጥርጣሬ ነበር ያየው። ስለዚህ ጠጋኟ ራሷ ቤት ለቤት ዞረች። ልብስ ማጠቢያው ገንዳ ዘንድ ሄዳ ሴቶቹን አነጋገረች። በመጨረሻ የአስተማሪው ሚስት ቤት ገባች። አስተማሪው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ባልቴቲቱ ግን ኮቶቻቸውን ቁም ሳጥን ውስጥ ሰቅለው፣ በየጊዜው አውጥተው ፀሐይ እያስመቱ መልሰው ይሰቅሏቸው ነበር።

«አይጣልም አይደል?» አሉ ባልቴቲቱ፣ አንዱን ኮት በመዳፋቸው እያሻሹ። «ለሰው ከሆነ ደስ ይለኛል። ቆሻሻ ላይ ከሚወድቅ ግን እዚሁ ብል ይብላው።»

«እኔ ልሙት አይጣልም እማማ» አለች ጠጋኟ። «ሌላ ሰው ይለብሰዋል።»

ባልቴቲቱ ኮቶቹን አንድ በአንድ አጣጥፈው ሰጧት። ጠጋኟም በገዛ እጇ ሳጥኑ ውስጥ ከተተቻቸው።

ሳጥኑ ይሞላል፣ መኪና ይመጣል፣ ባዶ ያደርገዋል። ልብስ የሰጠ ሰው ኩፖን ይሰጠዋል፤ በኩፖኑ ከድርጅቱ መደብር አዲሱን በቅናሽ ይገዛል። ጉልበቱ የተቀደደ ሱሪ ይዞ ወደ ጠጋኟ ይመጣ የነበረው ሰው በሩ ላይ ሲደርስ ያመነታና ሱሪውን ወደ ሳጥኑ ይወረውራል። «ምን አደከመሽ፣ አዲስ ሆኖ ይመጣ የለ» ይላታል እየሳቀ። መደርደሪያዋ እየሳሳ ሄደ። ጠጋኟ ይህን አይታ ቅር ቢላትም ለማንም አልተነፈሰችም። የእህቴ ሥራ ተቃና፣ ምን ጎደለብኝ ብላ ዋጠችው።

ዘንድሮ የዝናቡ ጎርፍ የሱቋን የጀርባ ግድግዳ ናደው። ጠጋኟ ሰፈሩ ውስጥ ዕቃ የሚያመላልሰውን ባለጋሪ ይዛ ከከተማው ጠርዝ ወዳለው የጡብ ምድጃ ሄደች። ወዲያ ማዶ ሳሉ ነው ጭሱ የተቀበላቸው። የእንጨት ጭስ አይደለም፤ ጥቁር፣ ወፍራም፣ ጉሮሮ ላይ እንደ ቅባት የሚለጠፍ ጭስ ነው።

«ምንድነው የሚያነዱት?» አለች አፏን በነጠላዋ ሸፍና።

«ኧረ እኔ እንጃ» አለ ባለጋሪው። «ፈረሴም አልወደደው፤ ተመልከች ጆሮውን።»

የምድጃው አለቃ ወገቡን ይዞ የሚያስል፣ ፊቱ በጥላሸት የጠቆረ ሰው ነው። ጡብ መምረጥ ትችያለሽ ብሎ ወደ ጓሮው መራቸው። እዚያ ከምድጃው አፍ ፊት ለፊት የቤት ጣሪያ የሚያክል ክምር ቆሟል። ሁለት ሠራተኞች በመንሽ እየወጉ ወደ እሳቱ ይወረውራሉ። ጠጋኟ መጀመሪያ ድርቆሽ መስሏት ነበር። ቀረብ ስትል እጅጌ አየች። ከዚያ ኮሌታ፣ ከዚያ የሕፃን ቱታ።

ልብስ ነው።

«ይሄ... ይሄ ከየት ነው የሚመጣው?»

«ከድርጅቱ ነዋ» አለ አለቃው። «በመኪና ያራግፉልናል። ናይለኑ ስለሚበዛ ቶሎ ይያያዛል፤ ከእንጨት ይሻለናል። ጭሱ ነው እንጂ የገደለን። ልጆቹ ደም መትፋት ጀምረዋል።» ይህን ሲል ራሱም ሳል ይዞት ጎንበስ አለ።

ጠጋኟ ክምሩ ውስጥ ገባች። ገባች ነው የሚባለው፣ ሌላ ቃል የለውም፤ እስከ ጉልበቷ ሰጥማ በሁለት እጇ ትገለብጥ ጀመር። አንድ የተማሪ ሱሪ ስባ አወጣች። ጉልበቱ ላይ በሰማያዊ ክር የተዘመዘመ መጣፊያ አለ። ያን ቀን ጥቁር ክር አልቆባት ነው በሰማያዊ የሰፋችው፤ የልጁ እናት «ይሄማ አጌጠ» ብላ ስቃ ነበር። ሌላ ሳበች፤ የሷው የአንገት ግልባጭ። ሌላም። የገዛ እጇ ሥራ ከየአቅጣጫው ብቅ እያለ አፈጠጠባት። ከዚያ አንድ ግራጫ ኮት አገኘች። ውስጡን ገለጠችው። ገበሩ ባለ መስመር ነው፤ አስተማሪው ገና በሕይወት ሳሉ ጥቁር ገበር ጠፍቶ ከአልጋ ልብስ ቆርጣ ያስገባችላቸው ገበር።

እሱ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ከሥር ደግሞ ጭራሽ ሰውነት ያልነካቸው፣ ሳይሸጡ የቀሩ፣ የዋጋ ወረቀታቸው ያልተቆረጠ አዲስ ልብሶች ነበሩ። ሁሉም መሐል ለመሐል በስለት ተተልትለዋል፤ ማንም አንስቶ እንዳይለብሳቸው። በአንዱ ወረቀት ላይ ያ ክብ ቀስት አለ። «ከአሮጌ ልብስ ታድሶ የተሠራ» ይላል። ከጎኑ ትንሽ ፎቶ አለ። መርፌ የያዘች ሴት ትስቃለች።

ጠጋኟ መነጽሯን አወለቀች።

«አቁሙ» አለቻቸው መንሽ የያዙትን።

«እመቤት፣ ምድጃው ይቀዘቅዛል» አለ አንዱ።

«ይቀዝቅዛ!» ባለጋሪው ስትጮህ ሲሰማት የመጀመሪያው ነበር። ደንግጦ የፈረሱን ልጓም ጨበጠ።

ጡብ አልገዛችም። ጋሪው ላይ የጫነችው ልብስ ነው፤ የራሷ እጅ ያለበትን፣ የምታውቀውን፣ በስለት የተተለተለውንም ጭምር። የምድጃው አለቃ ሊከለክላት አፉን ከፈተና ፊቷን አይቶ መልሶ ዘጋው። እንዲያውም ትንሽ ቆይቶ አንዱን ክምር ራሱ አቅፎ ጫነላት። መንገዱን ሙሉ ደሟ ይንተከተክ ነበር። ባለጋሪው አንዴ ሊያጽናናት ብሎ «እንግዲህ ምን ይደረጋል» ሲል «ዝም ብለህ ንዳ!» አለችው፤ ነዳ።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ጆንያ ሞልታ በትከሻዋ ይዛ ድርጅቱ ቢሮ ሄደች። በሩ ላይ ዘበኛው «እናቴ፣ ዕቃ ይዞ መግባት ክልክል ነው» ሲላት ግድግዳው ላይ ያለውን ትልቅ ፎቶ አሳየችው። ዘበኛው ፎቶውን አየ፣ እሷን አየ፣ አሁንም ፎቶውን አየ። «እርስዎ ኖት እንዴ? ይግቡ፣ ይግቡ» አለ እየተቅለሰለሰ።

ሚጣ በመስተዋት በተከፈለች ክፍል ውስጥ ነበረች። እህቷን ከነጆንያዋ ስታይ ፈገግታዋ መሐል ላይ ቀረ። ጠጋኟ አንዲት ቃል ሳትናገር ጆንያውን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። ጥላሸቱ በነጭ ወረቀቶች ላይ ተበተነ።

ሚጣ «ይሄ ምንድነው?» አላለችም። ጠጋኟን ከሁሉ በላይ ያቃጠላት ይህ ነው። አለመጠየቋ።

«ታውቂ ነበር» አለቻት።

«እትዬ፣ ቁጭ በይ መጀመሪያ...»

«ታውቂ ነበር ወይ ነው ያልኩሽ!»

ሚጣ በሩን ዘጋች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ማስረዳት ጀመረች። «ማሽኑ ውሸት አይደለም። አለ፣ ይሠራል። ግን የሚቀበለው ንጹሕ ጥጥ ብቻ ነው። ጥጥና ፖሊስተር ከተቀላቀለ መለየት አይችልም። ሰው የሚያመጣው ደግሞ ሁሉም ቅልቅል ነው።»

«ማነው የቀላቀለው?»

«እ?»

«ጨርቁን የቀላቀለው ማነው? ሰፈሩ ነው? የአስተማሪው ሚስት ናቸው?»

«እኛ ነን» አለች ሚጣ ወለሉን እያየች። «ስለሚረክስ ነው። ሁሉም ፋብሪካ እንደዚያው ነው የሚሠራው። ሌላ ማሽን እናመጣለን ብለውኝ ነበር። ጊዜያዊ ነው አሉኝ። መጋዘኑ ሲሞላ የሆነ ቦታ መድረስ ነበረበት...»

«እና ሳጥኑን ለምን አታነሱትም ነበር?»

ሚጣ ጥላሸቱን ከወረቀቶቹ ላይ ማራገፍ ጀመረች።

«ተናገሪ።»

«ሽያጩ አደገ» አለች በመጨረሻ፣ ለመስማት በሚያዳግት ድምፅ። «ሰው አሮጌውን ሲሰጥ ልቡ ቀለል ይለዋል። ሳይሳቀቅ አዲስ ይገዛል። ሳጥኑ ያለበት ሰፈር ሁሉ ሽያጭ አደገ።»

ጠጋኟ ይህንን ለመረዳት ትንሽ ጊዜ ወሰደባት። ከዚያ ገባት። የድርጅቱ ሰዎች የፈለጉት አሮጌውን አይደለም። የፈለጉት የሰዉን ቁም ሳጥን ባዶ ማድረግ ነው። እሷም በገዛ እግሯ ዞራ፣ በገዛ አፏ ምላ ባዶ አደረገችላቸው።

«ይህቺን ሴት አውርዱልኝ» አለች ከመስተዋቱ ባሻገር ያለውን ፎቶ እየጠቆመች። «ፊቴን መልሱልኝ። ዛሬውኑ።»

«እትዬ፣ እሱ እኔ የምወስነው አይደለም። ፈርመሻል እኮ...»

«ለማን ብዬ ነው የፈረምኩት? ለማን ብዬ?»

ሚጣ አለቀሰች። ሌላ ጊዜ ቢሆን የሚጣ እንባ ለጠጋኟ ዓለም የሚገለበጥበት ነገር ነበር። ያን ቀን ግን ጀርባዋን ሰጥታት ወጣች።

ከቢሮው በቀጥታ የሄደችው የአስተማሪው ሚስት ዘንድ ነው። ግራጫውን ኮት በፌስታል ይዛለች። ሁሉንም ሳትደብቅ ነገረቻቸው፤ ምድጃውን፣ ጭሱን፣ መንሹን። ባልቴቲቱ ኮቱን ተቀብለው አሸተቱት። የባላቸው ጠረን የለም፤ የሚሸተው ጭስ ብቻ ነው።

«ሌሎቹስ?» አሉ።

«አላገኘኋቸውም እማማ።»

«ተቃጠሉ በይኛ።»

«ይቅር ይበሉኝ። አታለሉኝ።»

«እነሱን አላውቃቸውም» አሉ ባልቴቲቱ። ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። «ቤቴ የመጣ ሌላ ሰው የለም። ቁጭ ብለሽ፣ ሻይዬን ጠጥተሽ፣ እኔ ልሙት ያልሽኝ አንቺ ነሽ። እኔ የሰጠሁት ላንቺ ነው።» ከዚያ ተነስተው በሩን ከፈቱላት።

ጠጋኟ ያን ቀን ከዚያ ቤት የወጣችበትን ሁኔታ ያዩ ሰዎች የታመመች መስሏቸው ነበር። አልታመመችም። አንጀቷ አርሮ ነው። በሰው መናደድ አንድ ነገር ነው፤ በሰው ተናደህ ሰውየው ራስህ ስትሆን ግን ንዴቱ መውጫ ያጣል። ሱቋ ደርሳ፣ ያን ሰማያዊ ሳጥን በርግጫ መታችው። ቆርቆሮው እንደ ነጋሪት ጮኸ። ጎረቤቱ ወጣ። ደግማ መታችው። «ኑ!» አለች። «ሁላችሁም ኑ! የሰጣችሁኝ ልብስ የት እንደደረሰ ልንገራችሁ!»

ነገረቻቸው። አንዳንዱ ሳቀ፤ «ድሮም ጠርጥሬ ነበር» ያለ አልጠፋም፤ እየጠረጠረ ኩፖኑን እንዳልተቀበለ ሁሉ። አንዷ ልብስ አጣቢ «እኔ የሟች ልጄን ሹራብ ነው የሰጠሁት» ብላ መንገዱ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም።

ባለጋሪው ፈረሱን ጠመደ። ሳጥኑን ነቅለው ጫኑት፤ ከምድጃው የመጣውን ልብስ በላዩ ቆለሉበት፤ ከገበያው ጀርባ እስከ ዋናው መንገድ ጋሪውን ተከትለው ነጎዱ። የድርጅቱ መደብር መስተዋቱ የሚያብረቀርቅ፣ ውስጡ ሽቶ ሽቶ የሚል ነው። ጠጋኟ ቀድማ ገባች። አዲሶቹ ሸሚዞች በተሰቀሉበት ዘንግ ላይ ጥላሸት የለበሱትን እየሰቀለች ሄደች። ሴቶቹም ተከተሏት። በደቂቃ ውስጥ መደብሩ የጡብ ምድጃ ይሸት ጀመር። ልብስ ሊገዙ የመጡ ሰዎች አንዱን የተተለተለ አዲስ ቀሚስ እያገላበጡ «ይሄ ባለፈው እዚህ ተሰቅሎ ያየሁት አይደለም?» ይባባላሉ።

ሥራ አስኪያጁ እየሮጠ መጣ። ንጹሕ፣ ትሑት፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ የሚናገር ሰው ነው። «እናቶቼ፣ እህቶቼ፣ እንረጋጋ። ቅሬታችሁን እንሰማለን። ለተፈጠረው አለመግባባት ለእያንዳንዳችሁ ልዩ ቅናሽ ያለው ኩፖን...»

የቀረውን ማንም አልሰማውም። መደብሩ በአንድ ድምፅ ፈነዳ። ልብስ አጣቢዋ የያዘችውን ጥላሸታም ሱሪ ፊቱ ላይ ወረወረችበት። «እሱን በኩፖንህ እጠበው!»

ሥራ አስኪያጁ ሸሚዙን እየጠራረገ ወደ ስልኩ ዞረ። የጠራው ፖሊስ አይደለም። ሚጣን ነው። ከቢሮው እስክትመጣ ድረስ ጠጋኟ ምላጭ አውጥታ መስተዋቱ ላይ የተለጠፈውን ፎቶዋን ከዳር ጀምራ ትፍቅ ነበር። ማጣበቂያው ጠንካራ ነው፤ ግንባሯ ሲላጥ ፈገግታዋ እዚያው ቀረ።

ሚጣ ገባች። «ይህቺ የመልሶ መጠቀም ክፍል ኃላፊያችን ናት» አለ ሥራ አስኪያጁ እፎይ እያለ። «ሂደቱን በሙያ ታስረዳችኋለች።»

ጠጋኟ ምላጩን እንደያዘች ወደ እህቷ ዞረች። ዓይን ለዓይን ተያዩ። ሚጣ አፏን ከፈተች፤ ሥራ አስኪያጁን አየች፤ ከዚያ ወለሉን አየች።

«ፕሮግራሙ... ገና በሂደት ላይ ነው» አለች። «አንዳንድ የአሠራር ክፍተቶች ታይተዋል። እየተጣሩ ነው።»

ጠጋኟ አልተሳደበችም። ምላጩን አጥፋ ኪሷ ከተተች፣ በእህቷ አጠገብ እንደማታውቃት ሰው አለፈች፣ ወጣች። በሩ ላይ ስትደርስ ግን ድምጿ ሰበር አለ፤ «እኔ እንዲህ አድርጌ አላሳደግኩሽም» አለች ወደ ኋላ ሳትዞር።

ድርጅቱ ከዚያ ሰፈር ሳጥኖቹን አነሳ። ፎቶውንም አወረደ፤ የሱቋ ግድግዳ ግን ገና እንደተናደ ነው፤ በላስቲክ ጋርዳዋለች። ሰዎች ሱሪያቸውን ይዘው ተመለሱ። አንዳንዶቹ ግን አልተመለሱም፤ የአስተማሪው ሚስት በጠጋኟ በር ሲያልፉ አንገታቸውን ወዲያ ያዞራሉ። ጠጋኟም አትፈርድባቸውም። በየቀኑ ጠዋት እጅ ትነሳቸዋለች፤ በየቀኑ ፊት ይነሷታል።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት፣ ሚጣ በሩ ላይ ቆመች። ከስታለች። ጠጋኟ የስፌት መኪናዋን መዘውር ማዞሯን አላቆመችም። ግቢም አላለቻት።

«እትዬ።»

መኪናው ይንቀጠቀጣል።

«ሳጥኖቹን አልጣሏቸውም። ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ላለው ሰፈር ሰጧቸው። የአንዲት ጫማ ሰፊ ሚስት ፎቶ አንስተዋል። ልጅ አዝላ ነው የተነሳችው። ያው አባባል ነው ከሥሩ።»

መኪናው ቆመ። ጠጋኟ ቀና አለች። «ለምን ለኔ ትነግሪኛለሽ?»

«ሄደሽ እንድትነግሪያቸው።»

«እኔ?» ጠጋኟ ብድግ አለች። «እኔ ልሂድላችሁ? አንቺ ቢሮሽ ውስጥ ቁጭ ብለሽ ሂደት ስታጣሪ፣ እኔ የሰው በር እያንኳኳሁ ልዋረድ? ባለፈውም እኔ ነኝ የዞርኩልሽ! ሰው የረገመው እኔን ነው!»

«ከሥራ ያባርሩኛል እትዬ። ሌላ ምን አለኝ?»

«መርፌ መያዝ አስተምሬሻለሁ» አለች ጠጋኟ። «በይ ተነሽ። ቅደሚ።»

ተጣልተው ነው የሄዱት፤ እየተጣሉ። መናኸሪያው እስኪደርሱ አንዷ ስትናገር ሌላዋ ስታቋርጣት መንገደኛው ሁሉ ዘወር እያለ አያቸው። ሚጣ አንዴ «እኔ እኮ ማሽኑን ከልቤ ነበር ያመንኩበት» አለች። «እኔም አንቺን ከልቤ ነበር ያመንኩሽ» አለቻት ጠጋኟ።

የጫማ ሰፊው ቤት በሩ ላይ አዲስ ሰማያዊ ሳጥን ቆሟል። ግማሽ ሞልቷል። ጠጋኟ በሩን አንኳኳችና ወደ ጎን ዞር ብላ ሚጣን በክርኗ ወደ ፊት ገፋቻት። ልጅ ያዘለች ወጣት ሴት ከፈተች።

«ምን ፈለጋችሁ?»

«እኔ ከድርጅቱ ነኝ» አለች ሚጣ። «ልብሱ አዲስ አይሆንም። ይቃጠላል። ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ለሰዎቹ መልሺላቸው።»

«ማን ይቃጠላል አለሽ?»

«ያስቃጠልኩት እኔ ነኝ።»

ሴትየዋ ከአንዷ ወደ ሌላዋ አየች። ከዚያ ወደ ጓሮ ዞራ ባሏን ጠራች፤ የአጎራባቹ ሴቶችም ተሰበሰቡ። ሚጣ ያልተሰደበችው ስድብ አልቀረም። አንዷ ምራቋን ከእግሯ ሥር ተፋች። ጠጋኟ ከጀርባዋ ቆማ ይህን ሁሉ ሰማች። አላዳነቻትም። አንዴ ብቻ፣ አንድ ጎረምሳ እጁን ሲያነሳ፣ መነጽሯን አውልቃ መሐላቸው ገባች።

ሚጣን በሳምንቱ አባረሯት። አሁን ከጠጋኟ ሱቅ ጥግ፣ ያ ላስቲክ ከሚርገበገብበት ግድግዳ አጠገብ ቁጭ ብላ አሮጌ ልብስ ትበትናለች፤ ጥጡን ለብቻ፣ ቅልቅሉን ለብቻ። እጇ ገና አልለመደም፣ መርፌ ይወጋታል። ድርጅቱ አልተዘጋም፤ ሳጥኖቹም አሁን ሌላ ከተማ ውስጥ ናቸው አሉ። ምድጃውም ይነዳል። ጠጋኟ ነፋሱ ከዚያ በኩል የነፈሰ ዕለት ይሸታታል፤ ያን ዕለት ከእህቷ ጋር አትነጋገርም። ሚጣም ይህን ስላወቀች አታናግራትም። ጎን ለጎን ይሰፋሉ።